የበዓል ጌጥ ንግድና የሚገባ ትርፍ

የበዓል ወራት በቀረበ ቍጥር በክፍላችን ውስጥ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ሰው የተጠቀመበትን የበዓል ጌጥ ገዝቶ፥ አጥቦና አስተካክሎ፥ በስልክ አማካይነት ለሌላ ሰው በትርፍ መሸጥ ለተማሪ የሚገባ ሥራ ነው ወይስ ነውር ነው የሚል ነው። ከጓደኞቻችን መካከል ይህን ሥራ የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። ከመምህራንና ከወላጆች ወገን ደግሞ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው የሚጨፈግግ አሉ። አንዳንዶቹ፥ «ልጅ ብር ከለመደ ደብተር ይጠላል» ይላሉ። ሌሎቹም፥ «ሕዝቡ ለበዓል ደስ ይበለው ሲል እናንተ በደስታው ላይ ትነግዳላችሁ» ብለው ይወቅሱናል። እኔም ከእኅቴ ጋር ሆኜ ይህን ሥራ መሥራት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ስለ ሆነኝ፥ ያለኝን አሳብ በዚህ መጽሔት ላይ ለመግለጽ እወዳለሁ።

አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው። ትርፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከድካም የሚገኝ ትርፍ አለ፤ ከሰው መቸገር የሚገኝ ትርፍ አለ፤ ከሰው አለማወቅም የሚገኝ ትርፍ አለ። የመጀመሪያው የሚያስመሰግን ሲሆን፥ ሁለቱ ግን ሕግ ባይከለክላቸው እንኳ ኅሊና ሊከለክላቸው ይገባል። ክርክራችን መልስ ያጣው ሦስቱን ትርፎች በአንድ ከረጢት ውስጥ ስለምንከታቸው ይመስለኛል።

አስቀድሜ ሥራው ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ወላጆች ላስረዳ። ስታዲየም አካባቢ የሚኖር ሰው የበዓልን ገበያ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ልጃገረዶች አደይ አበባ፥ ወንዶች ልጆችም በወረቀት ላይ የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። መስከረም 16 ቀን በመስቀል አደባባይ ደመራ ሲበራ፥ በዙሪያው ያለው መንገድ የጧፍ፥ የባንዲራና የነጠላ ገበያ ይሆናል። በአቅራቢያችን ባለው በኤግዚቢሽን ማዕከልም ለብዙ ዓመታት የበዓል ባዛር ሲደረግ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ላይ አሁን የተጨመረው የስልኩ ገበያ ነው። ሻጩ የዕቃውን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ላይ ያወጣል፤ ፈላጊው ይጠይቃል፤ በዋጋ ይስማማሉ፤ ገንዘቡም በባንክ ወይም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በቴሌብር ይላካል። ዕቃው በሞተር ብስክሌት ይላካል፤ አለዚያም ሻጭና ገዢ ሁለቱም የቀላል ባቡር መሥመሮች በሚያልፉበት በስታዲየም ጣቢያ ተገናኝተው ይቀባበላሉ።

የሚሸጠውም ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ፕላስቲክ የገና ዛፍ፥ እንደ ባለ ቀለም መብራት፥ እንደ ኮከብና እንደ አንጸባራቂ ኳስ ያለው በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ወጥቶ የሚመለሰው ጌጥ ነው። ሁለተኛው ሰዎች አንቲክ የሚሉት ነው፤ የድሮ የብርጭቆ ኳስ፥ የእጅ ሥራ መሶብ፥ ሙዳይና ቤትን ለበዓል የሚያሳምሩ ሌሎች የቆዩ ዕቃዎች በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። የገና ዛፍ ከባህላችን ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ሌላ ጕዳይ ስለ ሆነ እዚህ አልገባበትም። ዛፉ በብዙ የከተማ ቤቶች ውስጥ መኖሩን ግን ማንም አይክድም።

ይህ ንግድ በእኛ ዘመን የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። የገና ጌጥ በብዛት የሚሠራው በቻይና ነው፤ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው የዪዉ ከተማ ገበያ በዚህ ሸቀጥ በዓለም ሁሉ የታወቀች ናት። ስለዚህ አዲስ ጌጥ ወደ አገራችን የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሲወደድ፥ ቀድሞ ወደ ቆሻሻ ይጣል የነበረው አሮጌ መብራት ዋጋ አገኘ።

ሁለተኛው ምክንያት የዘመን አቈጣጠራችን ነው። የምዕራቡ ዓለም ገናን በታኅሣሥ 16 ቀን ሲያከብር፥ የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በመካከሉ ወደ 13 ቀን ይገኛል። በውጭ አገር ያሉ ሱቆች በዓላቸው እንዳለፈ የተረፈውን ጌጥ በርካሽ ስለሚሸጡት፥ ለገና ወደ አገራቸው የሚመጡ ዘመዶቻችን በሻንጣቸው ይዘውልን ሊመጡ ይችላሉ። በዚያ ያለፈበት ዕቃ በዚህ ገና ጊዜው አልደረሰም።

እንግዲህ ስለ መጀመሪያው ትርፍ ልናገር። የገና ዛፍ ከጥር 1 ቀን በኋላ ለባለቤቱ ሸክም ነው። ቦታ ይይዛል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ጠባብ ቤት ለሚኖር ሰው ከአልጋ ሥር እንኳ መደበቂያ የለውም። በዚህ ጊዜ አንድ ተማሪ ዛፉን በ1,500 ብር ገዛው እንበል። ቅርንጫፉን አንድ በአንድ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጠበ፤ የተቃጠለውን መብራት በ250 ብር ለወጠ፤ ለካርቶንና ለሳሙና 100 ብር፥ ለማጓጓዣ 150 ብር አወጣ። ጠቅላላ ወጪው 2,000 ብር ሆነ። ዕቃውን ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቆ ለ10 ወር ካስቀመጠ በኋላ በኅዳር በ2,600 ብር ሸጠው። ያተረፈው 600 ብር ነው። አዲሱ ዛፍ በሱቅ 4,500 ብር ቢሆን፥ ገዢው 1,900 ብር ቈጠበ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውም ባለቤት ከሚጥለው ዕቃ 1,500 ብር አገኘ። ይህን የመሰለውን ሥራ ነውር ነው የሚል ሰው፥ ጤፉን በመከር ጊዜ ገዝቶ፥ በጎተራ ጠብቆ፥ በክረምት የሚሸጠውንም ነጋዴ ነውረኛ ሊለው ነው። ዕቃን ከማይፈለግበት ጊዜ ወደሚፈለግበት ጊዜ ማሻገር፥ ከማይፈለግበት ቦታ ወደሚፈለግበት ቦታ እንደ ማጓጓዝ ያለ አገልግሎት ነው። አገልግሎት ደግሞ ደመወዝ ይገባዋል።

ዕውቀትም ከድካም ይቈጠራል። በጀርመን አገር በላውሻ የሚኖሩ የብርጭቆ ሠራተኞች በ19ኛው መቶ ዓመት ለገና ዛፍ የሚሰቀል የብርጭቆ ኳስ በአፋቸው እየነፉ ይሠሩ ነበር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1937 ሻይኒ ብራይት የሚባለው ኳስ መሸጥ ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረት ስለ ጠፋ፥ የኳሱ የብረት ክዳን በወረቀት ክዳን ተተካ። ዛሬ አሮጌ ጌጥ የሚሰበስቡ ሰዎች ያን የወረቀት ክዳን አይተው የኳሱን ዘመን ያውቃሉ። ኤትሲ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያም ቢያንስ 20 ዓመት ያልሞላውን ዕቃ ቪንቴጅ ብሎ መሸጥን አይፈቅድም። በእኛ ዘንድ ግን አምና ከመርካቶ የተገዛውን ኳስ በቡና አተላ አሽቶ «የጃንሆይ ዘመን አንቲክ» ብሎ ፎቶግራፉን የሚያወጣ ሰው አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው ነጋዴ ሳይሆን አታላይ ነው። የዕቃውን ዕድሜ የማያውቅ ሻጭ «ዕድሜውን አላውቅም» ብሎ ቢጽፍ ከክብሩ ምንም አይጐድልበትም።

ሁለተኛው ትርፍ ከሰው መቸገር የሚገኘው ነው። የእኛ ሰው ለበዓል የሚዘጋጀው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የተባለው ለእኛ ነው። ይህን ጠባያችንን የሚያውቅ ሻጭ ኅዳር ላይ ሲጠየቅ «ዕቃው አልቋል» ይላል፤ በገና ዋዜማ ግን ያንኑ ዕቃ በእጥፍ ዋጋ ያወጣዋል። ከዚህም የከፋ አለ። አምና አንዲት የክፍላችን ልጅ እናት ለታናናሽ ልጆቻቸው መብራት አዝዘው ቀብድ በቴሌብር ከፍለው ነበር። ሻጩ በዋዜማው ደውሎ፥ «ሌላ ሰው ጨምሮ ሰጥቶኛል፤ እርስዎም 500 ብር ይጨምሩ» አላቸው። ልጆቹ ሲጠብቁ ምን ያድርጉ? ጨመሩለት። ያ 500 ብር ለየትኛው ድካም ተከፈለ? ከተስማሙበት ቀን ወዲህ ሻጩ መብራቱን አላጠበም፤ አልጠገነም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ቃሉን ማጠፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «ቄጠማ የምትሸጠውስ ሴት በዋዜማ ዋጋ ትጨምር የለምን?» ብለው ይከራከሩኛል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቄጠማና አደይ አበባ በማግሥቱ ይጠወልጋሉ። ሴትዮዋ ሌሊት ተነሥታ ተሸክማ ያመጣችው ቄጠማ እስከ ማታ ካልተሸጠ ድካሟም ገንዘቧም አብረው ይጣላሉ። ስለዚህ የዋዜማው ዋጋ የሚመጣባትን ኪሳራ ጭምር የሚሸፍን ነው። የፕላስቲክ ዛፍ ግን ለከርሞም ዛፍ ነው። ደግሞም እርሷ ዕቃዋን በገበያ መካከል አስቀምጣ «ይህን ያህል ነው» ትላለች እንጂ፥ ደብቃ «የለኝም» አትልም፤ የሸጠችውንም መልሳ አትነጥቅም።

ሦስተኛው ትርፍ ከሰው አለማወቅ የሚገኘው ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ቤቶች ሲፈርሱና ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ፥ የአርባና የሃምሳ ዓመት ዕቃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየቤቱ ወጣ። ሰዎቹ ሁሉን ይዘው ለመሄድ የመኪናው ኪራይም የአዲሱ ቤት ስፋትም አልፈቀደላቸውም። አንዲት የማውቃቸው አሮጊት በወጣትነታቸው በውጭ አገር ሰዎች ቤት ሠርተው ነበርና፥ አሠሪዎቻቸው ሲሄዱ የተዉላቸውን አንድ ካርቶን የብርጭቆ የገና ኳስ በጥንቃቄ አስቀምጠው ኖረዋል። አንድ ወጣት መጣና ካርቶኑን ሙሉ በ300 ብር ገዛቸው። በዚያው ሳምንት አንዱን ኳስ ብቻ በ400 ብር ሲሸጥ በቴሌግራም አየነው። በካርቶኑ ውስጥ የነበሩት 24 ነበሩ።

አባቶቻችን «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» ያሉት ይህን የመሰለውን ነገር አይተው ነው። ተረቱ የሚነገረው ሞኙ እንዲነቃ ነው፤ አንዳንዱ ጓደኛችን ግን ሞፈር እንዲቈርጥ የተፈቀደለት ይመስለዋል። ሕጋችንም ይህን ነገር ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1710 ላይ፥ አንድ ውል አንዱን ወገን ስለ ጐዳ ብቻ እንደማይፈርስ ይናገራል፤ ነገር ግን የተጐዳው ሰው የተስማማው ችግሩን፥ የዋህነቱን፥ እርጅናውን ወይም የንግድ ልምድ ማጣቱን ሌላው ወገን መሣሪያ ስላደረገበት እንደ ሆነ፥ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። እኒያን አሮጊት ብናስባቸው፥ ሕጉ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱም የቀረባቸው አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ብርቱ ጥያቄ አለ። ቀደም ብዬ ዕውቀት ከድካም ይቈጠራል ብያለሁ። «ታዲያ ያ ወጣት ኳሱን ለይቶ ማወቁ የራሱ ድካም አይደለምን? ባያውቀው ኖሮ ካርቶኑ ከፍርስራሹ ጋር ይጠፋ አልነበረምን?» የሚል ሰው ቢነሣ፥ ከንቱ ነገር ተናገረ ብዬ አልንቀውም። በእውነትም ወጣቱ ለዕውቀቱ ዋጋ ይገባዋል። ነገር ግን ዋጋው ከማን ይከፈል? ዕውቀቱን ከሚፈልገው ከገዢው ይከፈል እንጂ፥ ዕውቀቱ ከተደበቀባቸው ከአሮጊቷ አይቀነስ። ሐኪም በዕውቀቱ ይተዳደራል፤ በሽተኛው በሽታውን ባለማወቁ ግን አይነግድበትም። ወጣቱ፥ «እማማ፥ ይህ ብዙ ሊያወጣ ይችላል፤ እኔ ልሽጥልዎና የተገኘውን እንካፈል» ቢላቸው ኖሮ፥ እርሱም ደኅና ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ እርሳቸውም ለአዲሱ ቤታቸው የሚሆን ነገር ይዘው በሄዱ ነበር። እኔና እኅቴ አሮጌ ዕቃ የምንቀበለው በዚህ ዓይነት ብቻ ነው። ባለዕቃው ከሽያጩ ሁለት እጅ ይወስዳል፤ እኛ ለማጠቡ፥ ለፎቶግራፉና ለማድረሱ አንድ እጅ እንወስዳለን። ትርፋችን አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ዕቃ የሰጠን ሰው ጎረቤቱን ይዞ ተመልሶ ይመጣል።

በዚሁ አንቀጽ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። አሮጌ ነገር ሁሉ ጌጥ አይደለም። የብራና መጽሐፍ፥ የጥንት መስቀልና የጥንት ሥዕል «ለበዓል ቤት ማሳመሪያ» እየተባሉ ሲቀርቡ እናያለን። እነዚህ የሕዝብ ቅርሶች ናቸው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ገዢው በውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም እንኳ ሕጉ አይለወጥም። ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ቢገባ ወደ ገበያ ሳይሆን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊወስደው ይገባል።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ስጋት ልመለስ። ብር ደብተርን ያስጠላል የሚለው ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የገና ገበያ የሚደምቀው በታኅሣሥ ነው፤ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተናም የሚቃረበው በዚያው ወራት ነው። በታኅሣሥ ሌሊት ሌሊት ከገዢ ጋር መልእክት ሲለዋወጥ የሚያድር ልጅ ፈተናውን እንደማያልፍ ለመናገር ነቢይ መሆን አያሻም። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከተው፥ ተማሪን ከትምህርቱ የሚያስቀረው የዋዜማው ንግድ ነው እንጂ የድካሙ ንግድ አይደለም። በሐቀኛው ንግድ ዕቃ የሚሰበሰበው በጥር ከፈተና በኋላ ነው፤ የሚታጠበውና የሚጠገነው በክረምት ዕረፍት ነው፤ የሚሸጠውም በጥቅምትና በኅዳር ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ካርቶኑ ባዶ ይሆናል። እንዲህ የሚሠራ ልጅ ሒሳብን በተግባር ይማራል፤ ከወላጆቹ ለደብተርና ለትራንስፖርት የሚጠይቀው ገንዘብ ይቀንሳል፤ የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝንም ይለምዳል።

ስለዚህ ለመምህራንና ለተማሪዎች ምክር ቤት የማቀርበው አሳብ አለኝ። ይህን ንግድ መከልከል ወደ ስውር ይወስደዋል እንጂ አያጠፋውም። ከመከልከል ይልቅ የምንሠራ ተማሪዎች ሁላችን የምንፈርምበት አንድ አጭር ደንብ ቢወጣ ይሻላል። ደንቡ አራት ነገር ቢይዝ ይበቃል። አንደኛ፥ በኅዳር የተነገረ ዋጋ በዋዜማም ያው ይሁን። ሁለተኛ፥ ቀብድ የተከፈለበት ዕቃ ለሌላ አይሸጥ። ሦስተኛ፥ የዕቃው ዕድሜና ጕድለት ከፎቶግራፉ ሥር በግልጥ ይጻፍ። አራተኛ፥ ዋጋውን ከማያውቅ ሰው የሚወሰድ አሮጌ ዕቃ በግዢ ሳይሆን በመካፈል ይሁን። ከዚህም በላይ በየዓመቱ ጥር ላይ ቤተሰቦች የማይፈልጉትን ጌጥ ወደ ትምህርት ቤት እንዲያመጡ ቢጠየቁ፥ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ደብተር መግዛት ላልቻሉ ታናናሾቻችን ሊደርስ ይችላል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን፥ አንዳንዶቻችን ነጋዴዎች፥ አንዳንዶቻችን ሠራተኞች፥ አንዳንዶቻችንም ዳኞችና ሐኪሞች እንሆናለን። ያን ጊዜ የምንይዘው ገንዘብ ከአንድ የገና መብራት ዋጋ እጅግ ይበልጣል፤ በፊታችን የሚቆመውም ሰው የቸገረውና ያላወቀው ይሆናል። ለ500 ብር ቃሉን ያጠፈ ተማሪ፥ ነገ ለ500 ሺህ ብር ቃሉን ይጠብቃል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። በላባችን ያገኘነውን ትርፍ ግን ማንም ቢጠይቀን አንፈር፤ ለወላጆቻችን መዝገባችንን ገልጠን እናሳያቸው።